ስልክ ያዘገየው መርዶ

ኪዳን ደርሶ ሕዝቡ ሲበተን፣ መምህር አስናቀ ከንፋስ መውጫው ቤተ ክርስቲያን በር ላይ ስልኩን ጨብጦ ቆሞ ነበር። ጎረቤቱ ቄስ መሐሪ ከቅጽሩ ሲወጡ አዩትና ፈገግ አሉ።

«ደግሞ እዚህም ድረስ ይዘኸው መጣህ?»

«አባ፣ አክስቴ ዘነበች ወገዳ ላይ አርፋለች። የተቀበረችው ሐሙስ ነው። ስልኬ ያሳየኝ ግን ዛሬ ጧት።»

«ነፍሷን ይማር» አሉ ቄሱ።

ነገሩን ለማያውቅ ልንገረው። እዚህ ከተማ ያለው የወገዳ ተወላጆች ማኅበር ድሮ አገር ቤት ሰው ሲሞት ሽማግሌ መርጦ ቤት ለቤት ያረዳ ነበር። መርዶ በስልክ አይነገርማ፤ ነውር ነው። ይህን «ኋላ ቀር ነው፣ ሥራ ያስፈታል» ብሎ አስቀርቶ፣ የሞት ዜና በማኅበሩ የኢንተርኔት ገጽ ይለጠፍ ያሰኘው ይኸው አስናቀ ነው። ደውሎ መንገር ነውር ከሆነ መለጠፉስ? ማንም አልጠየቀም፤ የተማረ ሰው ተናገረ ተብሎ ተጨበጨበ።

«ወገዳ አልደወልክም?»

«ደወልኩ። ‹ገጹ ላይ ለጥፈናል፤ አንተው አይደለህ ያስተማርኸን? ለተሾመችም ታረዳታለህ ብለን ነው› አሉኝ።»

ተሾመች የሟቿ አንድያ ልጅ ናት። እዚሁ ከገበያው ጀርባ ትኖራለች፤ ስልኳም ከመደወል አያልፍም። እናቷ አፈር ለብሳ፣ እሷ ሰሞኑን ሁሉ ሽንኩርቷን ስትሸጥ ሰንብታለች።

«ጥፋቱ የኔ አይደለም አባ» አለ አስናቀ። «ገጹን እከተላለሁ። ‹አስቀድመህ አሳየኝ› የሚለውንም ነክቼዋለሁ። ስልኩ ግን ጥቂት ሰንብቶ ወደ አመሉ ይመለሳል።»

«ማን ነው የሚመልሰው?»

«ማሽኑ ነዋ። ዓይኔ የቆየበትን እየሰለለ ያንኑ ያግተለትለዋል።»

«ዓይንህ ምን ላይ ከረመ?»

አስናቀ አቀረቀረ። «ሰው ሰውን ሲሰድብ። እየተናደድኩ አያለሁ፤ ባየሁ ቁጥር ይጨምርልኛል።»

«እንግዲህ ስማኝ ልጄ። መልእክተኛ የላኩትን ያደርሳል እንጂ ሰሚው የሚወደውን አይመርጥም። እኛ ለቅሷችንን የሰጠነው ጌታው ለማይታወቅ አሽከር ነው።»

«ታዲያ ወደ ኋላ እንመለስ?»

«ስልኩን ጣል አላልኩም። ገበያውን፣ ስብሰባውን ይንገርህ። መርዶውን ግን ሰው ይያዘው። ሰው የሄደ እንደሆነ ቀብር አያመልጥም፤ ሰሚውም ራሱን ሲጥል የሚይዘው አለ። ሥራ ይፈታል ትላለህ፤ ለዚህ ያልተፈታ ሥራ ለመቼ ሊፈታ ነው?»

አስናቀ ክርክር ይወዳል፤ ዛሬ ግን ነገሩ አንጀቱ ገባ። «እሑድ ጉባኤው ላይ እኔው ተነሥቼ ተሳስቻለሁ እላለሁ። ሽማግሌ የመላኩ ነገር ይመለስ» አለ።

«እሱ ለእሑድ። አሁን ተሾመች ገበያ ሳትወጣ እንድረስ።»

ተሾመች በሯን ከፍታ ቄሱን በዚያ ሰዓት ስታይ ነገሩ ገባት። እሳቸው ሲነግሯት ደረቷን እየደቃች ወደቀች፤ ጎረቤት ተሰብስቦ ያዛት። ብዙ አልቅሳ ድምጿ ሲሰልል፣ መቼ እንደተቀበረች ጠየቀች።

«ሐሙስ» አሉ ቄሱ።

ወደ አስናቀ ዞረች።

«ሐሙስ በደጄ አልፈህ ነበር» አለችው። «ስልክህን እያየህ ነበር። ብጠራህ፣ ብጠራህ አልሰማኸኝም።»