ማሽኑን የጠሉት ቀለም ቀቢ

አዛውንቱ ቀለም ቀቢ በአዲሱ የገበያ አዳራሽ መሐል ባልዲ ደፍተው ተቀምጠዋል። ፀጉራቸውም ቅንድባቸውም የቀለም ብናኝ ለብሷል። ከበላያቸው ባለው ኮርኒስ ላይ ቀለሙ አንዱ ጋ ወፍሮ ይንጠባጠባል፤ ሌላው ጋ ዥንጉርጉር ነው። አሠሪው ጠዋት አይቶ፣ «እስከ ቅዳሜ ካልተስተካከለ ሌላ ሰው አመጣለሁ» ብሎ ሄዷል። ወደ ለመዱት የቀለም ሩሎ እንዳይመለሱ ቀኝ ክንዳቸው ከደረታቸው በላይ አልነሣም ካለ ወር አልፎታል።

በጎረቤቱ ሕንፃ ሥራ አስረክባ የምትመለስ ሴት በክፍቱ በር አየቻቸውና ገባች። የሟች ባልደረባቸው ልጅ ናት፤ ሙያውን ተምራ የራሷን ቀቢዎች ታሠራለች።

«ጋሼ! ምን ሆነው ነው?»

«የአሠሪው የቀለም መርጫ ማሽን ጉድ ሠራኝ፣ ልጄ። በስተርጅና ልዋረድ?»

ማሽኑን ጎንበስ ብላ አየችው። የግፊቱ መቆጣጠሪያ እስከ መጨረሻው ተከፍቷል።

«ለምን ይህን ያህል ከፈቱት?»

«ቶሎ እንዲያልቅ ነዋ!»

«እንዲህ ከሆነ ቶሎ የሚያልቀው ቀለሙ ነው። ግፊት ሲበዛ ኮርኒሱ ጋ ሳይደርስ ጭጋግ ሆኖ ራስዎ ላይ ይመለሳል። ከዝቅተኛው ይጀምሩና ካርቶን ላይ ይሞክሩ። የርጭቱ ጠርዝ ግራና ቀኝ ጅራት ካወጣ ጥቂት ይጨምሩ፤ ጅራቱ ሲጠፋ እዚያው ያቁሙ። ኖዝሉም፣ ቀለሙ የሚወጣበት አፍ፣ ልክ አይደለም፤ ይህ በር ለሚቀባበት ቀጭን ቀለም የተሠራ ነው። ለኮርኒስ ቀዳዳው ሰፋ ያለ፣ ርጭቱም የሚዘረጋ ይሁን። ለቧንቧና ለወራጅ እንጨት ሲሆን ጠበብ ያለውን ይቀይራሉ።»

«አባትሽ ይህን ሁሉ ሳያውቅ አንቱ የተባለ ቀቢ ነበር! በሩሎ ኖረ።»

«በሩሎም ሞተ፣ ጋሼ። ከመሰላል ወድቆ።»

ዓይናቸውን ከማሽኑ ላይ አነሡ። የለመዱትን መተው የሚከብደው የኖሩበትን ዘመን ከንቱ ያደረገ ስለሚመስል ነው። የሳቸው ማሽኑን መጥላት ግን ከዚህም የከፋ ነገር ነበረበት።

«መሰላሉን የያዝኩት እኔ ነበርኩ» አሉ በመጨረሻ። «ቀኑን ሙሉ ይዤ እጄ ዝሎ ነበር። ላቤን ልጠርግ ብዬ ለቀቅኩት። ለማንም አልተናገርኩም።»

ሴትዮዋ ግድግዳውን ተደገፈች። ከዚያ ከቦርሳዋ ሌላ ኖዝልና ካርቶን አወጣች።

«ይነሡ» አለች፤ ድምፅዋ ደርቋል። «በማራዘሚያ ዘንግ ከመሬት ሆነን እንቀባለን። መሰላል የሚይዝ ሰው አያስፈልግም።»

ቀለሙን አጣርታ፣ ግፊቱን በጥቂት በጥቂቱ ጨምራ ጅራቱ ሲጠፋ አቆመች። ኖዝሉን ከኮርኒሱ ስንዝር ተኩል አርቃ፣ ቀጥ አድርጋ ይዛ፣ እያንዳንዱን መስመር ባለፈው ላይ በግማሽ እየደረበች ሄደች። ከዚያ ዘንጉን ሰጠቻቸው። ክንዳቸው ከደረታቸው ሳያልፍ ነጩ ቀለም እኩል ተኝቶ ሲሄድ አዩ።

«እንዲህ ያለ ማሽን ያኔም ነበረን» አሉ እንባቸው እየወረደ። «መጋዘን ውስጥ ተቀምጦ ነበር። ያን ቀን አባትሽ እንሞክረው ሲል የሳቅኩበት እኔ ነኝ።»

እሷ ካርቶኑን አጣጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች።

በሩሎ ሦስት ሳምንት የሚፈጅ አዳራሽ በሦስት ቀን አለቀ። ቀለም ተረፈ፤ አሠሪው እንከን አጣ፤ አንድም ሰው መሰላል አልወጣም። አዛውንቱም ከዚያ ወዲያ ላገኙት ቀቢ ሁሉ፣ «ማሽን ስታዩ አትሳቁ፤ እንዴት እንደሚሠራ ጠይቁ» ሲሉ ኖሩ። ጥፋታቸውን ማመናቸው ግን የሞተውን አልመለሰም።

ሥራው ባለቀበት በዚያው ቅዳሜ ሴትዮዋ ዕቃዋን ልትወስድ መጣች።

«ልጄ፣ ይቅር…» ብለው ጀመሩ።

«ኖዝሉን ከመፍታትዎ በፊት ግፊቱን ያስተንፍሱ» አለች ሳታያቸው። «ሳይደርቅም ይጠቡት።»

ቦርሳዋን አንግታ ወጣች።