የተዳፈነው ፍም

ዳሞታ ተራራ ዛሬም ከቦታው አልተነሣም፤ ከሶዶ ገበያ ቆሞ ቀና ያለ ሰው ያየዋል። አቶ ኤርካሎ በልጅነታቸው የሚያውቁት ዳሞታ ግን ሌላ ነበር። ያኔ ጫካው ከላይ ተነሥቶ ተዳፋቱ አናት ድረስ ጥቅጥቅ ብሎ ይወርዳል፤ ጉሬዛው ከዛፍ ዛፍ ሲዘል ይውላል፤ በበጋ እንኳ ሰው ከዝግባው ሥር የቅጠሉን ብስባሽ በእፍኙ አንሥቶ ቢጨምቅ በጣቶቹ መካከል ውሃ ይወርድ ነበር። አቶ ኤርካሎ ከብት ሲጠብቁ የጠማቸው ቀን እንዲህ እየጨመቁ ከንፈራቸውን ያረጥቡ ነበር። ይህን ሲያወሩ ድምፃቸው ይለሰልሳል።

አሁን የምንተርከው ነገር የሆነው በ፲፱፻፳፬ ዓመተ ምሕረት፣ በየካቲት ወር ነው። አቶ ኤርካሎ ፀሐይ ከረር ስትል በገል የተዳፈነ ፍም ይዘው፣ በላዩም እርጥብ የእንሰት ቅጠል ሸፍነው፣ ከቤታቸው ወደ ተዳፋቱ ይሄዱ ነበር። ወንዙ ዳር ሲደርሱ አንድ ወጣት ሱሪውን እስከ ጉልበቱ ሰብስቦ፣ ጫማውን በእጁ አንጠልጥሎ ሲሻገር አዩ። ቀረብ ሲል ለዩት። የክርስትና ልጃቸው ወልደመስቀል ነበር። አዲስ አበባ ተምሮ ከመጣ ወዲህ በሶዶ በጽሕፈት ሥራ ይኖራል።

«እንደምን ዋሉ፣ የክርስትና አባቴ? ደኅና ነዎት?»

«እግዚአብሔር ይመስገን፣ ልጄ። አንተስ ደኅና ነህ? ጫማ ሰውን ይሸከማል ሲሉ ሰምቼ ነበር፤ ያንተ ጫማ ግን ሰው የሚሸከመው ነው።»

ወልደመስቀል ሳቀና ድንጋይ ላይ ተቀምጦ እግሩን እያደረቀ ጠየቃቸው። «ወንዙ እንዳያበላሽብኝ ፈርቼ ነው። እርስዎስ በዚህ ፀሐይ ፍም ይዘው ወዴት ነው?»

«ተዳፋቱን ላቃጥል። ላሜ ወልዳ ሣር አጥታ አጥንቷ ወጥቷል። አሮጌው ሣር ከተቃጠለ የመጀመሪያው ዝናብ ሲጥል አዲሱ ይበቅላል። ጎረቤቶቼ ሳይቀድሙኝ ልለኩሰው ብዬ ነው የቸኮልኩት።»

ወጣቱ ቀና ብሎ ተዳፋቱን፣ ከተዳፋቱም በላይ ጫካውን አየ። ከአባያ ሐይቅ በኩል የሚመጣው የቀትር ነፋስ ሣሩን ሽቅብ ማስተኛት ጀምሮ ነበር።

«አባቴ ሆይ፣ እባክዎ ጥቂት ይቀመጡና እንነጋገር» አለ። «እሳት ሦስት ነገር ይፈልጋል። አንደኛ የሚቃጠል ነገር፣ ሁለተኛ ነፋስ፣ ሦስተኛ...»

«እሳት ምን እንደሚፈልግማ ባለቤቴ አገርነሽ፣ ነፍሷን ይማርና፣ ትምህርት ቤት ሳትገባ ታውቀው ነበር» አሉት ሽማግሌው። «ሦስተኛው የሚያራግበው ሰው ነው።»

የተማረ ወጣት አንድ ጠባይ አለው። ያወቀውን ሁሉ ባንድ ትንፋሽ ካላፈሰሰ ዕረፍት አያገኝም። ወልደመስቀልም ስለ ነፋስ፣ ስለ ሙቀት፣ ስለ ባሕር ማዶ ደን ጠባቂዎች ሳይቀር ተናገረ። አቶ ኤርካሎ በጨዋነት አዳመጡት። ልባቸው ግን ላሟ ዘንድ ነበር፤ በየመሐሉም ቅጠሉን ገለጥ እያደረጉ ፍሙ እንዳይጠፋ ያዩ ነበር።

«ጨረስክ?» አሉት በመጨረሻ።

«ጨረስኩ፣ አባቴ።»

«መልካም ተናግረሃል። ግን አባቴም አያቴም ይህን ተዳፋት በየበጋው ሲያቃጥሉ ኖረዋል። ጫካው ተቃጥሎ አያውቅም። እሳቱ ጫፉ ላይ ሲደርስ እንዳፈረ እንግዳ ደጅ ላይ ይቆም ነበር።»

ወልደመስቀል ሊመልስ አፉን ከፈተና ተወው። ብልኅነት የጀመረው እዚህ ላይ ነው ማለት ይቻላል፤ ማስተማሩን ትቶ ጠየቀ።

«ያን ጊዜ እንዴት ነበር የሚቃጠለው? ቢነግሩኝ ደስ ይለኛል።»

አቶ ኤርካሎ ገሉን ከጎናቸው አስቀመጡት።

«ያን ጊዜማ» አሉ፣ «አባቴ የአጋዘን ቀንድ ነበራቸው። ዋዜማውን ማታ ይነፉታል። ያንን የሰማ ጎረቤት ሁሉ በማግሥቱ ጎሕ ሲቀድ፣ ነፋስ ሳይነሣ፣ እርጥብ ቅርንጫፍ ይዞ ይመጣል። ሴቶቹ በቅል ውሃ ይሸከማሉ። ከዚያ በፊትም በደቦ የጫካውን ጫፍ ጫፍ እየመነጠርን አፈሩ እስኪታይ እንጠርገው ነበር። አባቴ ከላይ፣ ከጥርጊያው ሥር ይለኩሱታል። እሳት ሽቅብ ይሮጣል እንጂ ቁልቁል ሲሄድ ያዘግማል። እኛ ልጆቹ ወዲያ ወዲህ እየዘለልን ያመለጠውን እንቀጠቅጠዋለን። ሲያበቃ ቆጮ በአይብ ይቀርባል፤ ይዘፈናል። አገርነሽን መጀመሪያ ያየኋት እዚያ ነው። ፊቷ ጥላሸት ለብሶ ነበር፤ እሷ ግን አላወቀችም። እኔም አልነገርኳት...»

 ወልደመስቀል እስኪጨርሱ ጠበቃቸው። የሚያምር ትዝታን ማቋረጥ ነውር መሆኑን ያውቃል።

«አሁንስ ቀንዱ የት ነው?» አለ።

«ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ጢስ ይጠጣል። ሽማግሌዎቹ አለቁ። ከዚያ ወዲህ ቀድሞ ያቃጠለ ቀድሞ ሣር ያገኛል ተብሎ ሁሉም በየራሱ ይሽቀዳደማል። ጎረቤቱን የሚጠራ የለም። ከታች ለኩሶ ወደ ቤቱ ነው።»

«እንግዲያው አባትዎ ያደርጉት የነበረውና እርስዎ ዛሬ ሊያደርጉት የተነሡት አንድ ነው?»

ጥያቄው አቶ ኤርካሎን ወጋቸው፤ ፊታቸው ላይ ታየ። ሽማግሌ ግን እንዲህ በቀላሉ አይረታም።

«ቢሆንም» አሉ፣ «ጫካው ራሱን ይጠብቃል። እርጥብ ነው። እኔ አውቀዋለሁ።»

«ከገቡበት ስንት ጊዜ ሆነዎት?»

 አገርነሽ ከሞተች ወዲህ አልገቡም ነበር። ከትልቁ ዝግባ ላይ የተሰቀሉትን የማር ቀፎዎች ሁለቱ አብረው ነበር የሚጠብቋቸው፤ እሷ ከታች ሆና ገመዱን ትይዝላቸዋለች። አሁን ማሩን የሚያወርድላቸው ሌላ ሰው ነው።

«እንሂድና እንየው» አለ ወልደመስቀል በለሆሳስ።

ገሉን ወንዙ ዳር እርጥብ አሸዋ ላይ ትተው ተያይዘው ወጡ። ጫካው ጫፍ ሲደርሱ አቶ ኤርካሎ ቆሙ። ዛፍ የነበረበት ቦታ ጉቶ ሆኗል። ለከተማው ማገዶ የሚቆርጡ ሰዎች ግንዱን ወስደው ቅርንጫፉን እዚያው ጥለውታል፤ እሱም ደርቆ ከሣሩ ጋር ተያይዟል። ወደ ውስጥ ገቡ። ጨለማ የነበረው ሥፍራ ሰማይ ይታይበታል። ዝግባው አለ፤ ቀፎዎቹም አሉ፤ ንቦቹ ይገባሉ ይወጣሉ። ሽማግሌው ከሥሩ ተንበረከኩና እንደ ልጅነታቸው ብስባሹን በእፍኛቸው አንሥተው ጨመቁት።

ቅጠሉ ተንኮሻኮሸ። እጃቸውን ሲከፍቱ አቧራው በነፋስ ሄደ።

ብዙ ጊዜ እንደ ተንበረከኩ ቆዩ። ዓይናቸው እንባ አቅርሮ ነበር፤ ይህንንም አልደበቁም።

«እኔ የማውቀው ጫካ ይህ አይደለም» አሉ። «ሣሩን ከታች ለኩሼው ብሄድ ኖሮ ላሟ ሣር ሳታገኝ ይህ ዝግባ ይነድ ነበር። ንቡም፣ አገርነሽ የቆመችበት ቦታም ይነድ ነበር። በገዛ እጄ።»

«አልሆነም እኮ፣ አባቴ።»

«ላሜስ? ላሜን ምን ላድርጋት?»

«እሷንም አልረሳኋት። ሣሩ መቃጠል የለበትም አላልኩም። እስከዚያው የእንሰት ቅጠል ያብሏት። ጎረቤቶችዎን ይጥሩ። መጀመሪያ የወደቀውን ቅርንጫፍ ለቅማችሁ ለማገዶ ተካፈሉት፤ ቀጥሎ ጥርጊያውን አውጡ፤ በየጎጆው ዙሪያም ደረቁን ሣርና ከእንሰቱ ላይ የተንጠለጠለውን ደረቅ ቅጠል አንሡ። ነፋስ የሌለበት ጠዋት ሲገኝ ተሰብስባችሁ ከላይ ለኩሱ። ፍሙ ሁሉ መጥፋቱን ሳታዩ ማንም ወደ ቤቱ አይሂድ። በበጋ ወራትም ጢስ የሚጠብቅ ተረኛ ይኑር፤ ጢስ ያየ ቀንዱን ይንፋ። ከዚህ አብዛኛውን ከእርስዎ ነው የሰማሁት፤ እኔ የጨመርኩት ቅርንጫፉን፣ ተራውንና የጎጆውን ዙሪያ ብቻ ነው።»

«ያን ሁሉ ስለ ባሕር ማዶ ከምትነግረኝ ይህንን አስቀድመህ ብትለኝ ኖሮ ቶሎ እንግባባ ነበር» አሉ አቶ ኤርካሎ። ወደ ወንዙ ወርደው ገሉን ውሃው ላይ ደፉት። ፍሙ ቸስ ብሎ ጠፋ።

በዚያ ምሽት ቀንዱ ከግድግዳው ወረደ። አቶ ኤርካሎ ጥላሸቱን ጠርገው ደጅ ላይ ቆሙና ነፉት፤ መጀመሪያ ትንፋሻቸው አልበቃም፤ በኋላ ግን ድምፁ ወጣ። ወጣቶቹ ምን እንደሆነ አላወቁም። አሮጊቶቹ ግን አወቁት፤ አንዳንዶቹም አለቀሱ ይባላል።

ሣሩ ተቃጠለ፤ እሳቱም ቁልቁል እያዘገመ ሄደ፤ ወደ ጫካው ያፈነገጠውም ጥርጊያው ላይ ሲደርስ እንደ ድሮው ቆመ። ከዚያ ዓመት ወዲህ በዚያ መንደር ከብቱ ሣር አላጣም፤ ጎጆ አልነደደም፤ ማር አልጠፋም። ጢስ የሚጠብቀው ተረኛም ለከተማው ማገዶ የሚቆርጡትን ከጫካው ይመልስ ነበር። ሲሽቀዳደሙ የተኮራረፉ ጎረቤቶችም በደቦው ሰበብ እንደገና አንድ ገበታ ከበቡ። መተባበር የሚያስገኘው ጥቅም ከዚህ በላይ ምን አለ? ጫካው ለብቻው ራሱን የሚጠብቅበት ዘመን አልፏል፤ አሁን ሰው ሊጠብቀው ግድ ነው። ይህንንም ለማድረግ የአባቶችን መልካም ሥራ ከአዲስ ዕውቀት ጋር ማጋባት ብቻ ይበቃል።

ክረምት አለፈ፤ ሌላም ክረምት አለፈ። በጋ ላይ ወልደመስቀል የክርስትና አባቱን ሊጠይቅ ሲመጣ ከዝግባው ሥር ተቀምጠው አገኛቸው። ሽማግሌው ብስባሹን በእፍኛቸው አንሥተው ጨመቁት። እንደ ልጅነታቸው ዘመን ውሃ አልወረደም። እጃቸውን ዘርግተው ግን የክርስትና ልጃቸውን ጉንጭ ዳሰሱት።

መዳፋቸው እርጥብ ነበር።