ለቼዙ ውድድር ስም ያወጣን ዕለት

በእኛ ጊዜ፣ አየህ ልጄ፣ ስም ማውጣት እንደዛሬው ቀላል አልነበረም፤ «ንጉሡ ተከበበ» ብለህ አንድ ወረቀት በር ላይ ብትለጥፍ «ማነው የለጠፈው? የትኛውን ንጉሥ ነው?» ትባላለህ። ቼዝ ነው ብትል ማን ይሰማሃል! እና እኔ እንዲያ ሆኜ ያረጀሁ ሰው ነኝ፣ ወረቀት ሲታጠፍ ካየሁ እጠረጥራለሁ። ተጫወት እንጂ፣ ተራው ያንተ ነው።

ታዲያ እዚሁ ለቡ መብራት ኃይል፣ እዚሁ ኮንዶሚኒየም ግቢ ውስጥ ቼዝ የጀመርነው እኔና ግርማ ነን፣ ነፍሱን ይማርና። ደረጃ ሥር፣ ካርቶን ላይ መስመር አስምረን፣ በለስላሳ ቆርኪ። ታዲያ ቆርኪ ትንሽ ናት፣ መዳፍ ውስጥ ትገባለች፣ እኔ ደግሞ... አልዋሽህም፣ አንዳንዴ ትገባ ነበር። ግርማ አንዲት ቆርኪ በጎደለች ቁጥር ካርቶኑን ትቶ ፊቴን ያየኝና «እጅህን አሳየኝ!» ይላል። ስንት ዓመት ሙሉ፣ «እጅህን አሳየኝ!» እንዳለ ሞተ።

እና ዘንድሮ የግቢው ወጣቶች የቼዝ ውድድር እናዘጋጅ አሉ። ደስ አለኝ፤ «የግርማ ዋንጫ» ይባላል ብዬ በሆዴ ጨረስኩ። የኮሚቴው ጸሐፊ ሜሮን ግን «አባባ፣ ጆሮ የሚይዝ ስም ነው የሚያስፈልገን፤ ከሃይሌ ጋርመንት እስከ ሀና ማርያም ያለ ሰው ሰምቶ የሚመጣበት» አለችኝ። «ግርማ ምን ጎደለው?» ስላት፣ «እሳቸውንማ የዚህ ግቢ ሰው ብቻ ነው የሚያውቃቸው።» አንጀቴ እርር አለ! እሷስ ልጅ ናት፤ እኔ የጠረጠርኩት ጎረቤቴን ማቴዎስን ነው። ጴንጤ ነው፣ ከወላይታ የመጣ፣ ጨዋ ነው ይሉታል፤ ግን ሁሌ ፈገግ የሚል ሰው ምን ደብቆ ነው? ያን ሰሞን ከሜሮን ጋር ቆሞ ያወራል፣ ያወራል፣ እኔ ስደርስ «ተባረክ ወንድሜ!» ይልና ዝም። ምነው ዝም አለ? በቃ፣ «የጸጋ ዋንጫ» ሊያስብለው ነው አልኩ።

አልተስማማንም፣ ታዲያ ምን ተባለ? ዕጣ! እዚህ ግቢ ያለ ሰው ሁሉ ቤቱን ያገኘው በዕጣ ነው፣ እና ዕጣ ከተባለ ማንም አይከራከርም። ስድስት ሆነን ለድግስ ለለቅሶ በምንሰበሰብበት ኮሚናል ውስጥ ተቀመጥን፣ እያንዳንዳችን አንድ አንድ ስም ጽፈን፣ አጥፈን የሜሮን ኮፍያ ውስጥ ልንጨምር። እኔ ግን ከቤቴ ሦስት ጽፌ ነው የመጣሁት! ምን ላድርግ፣ እነሱ እንደሚያጭበረብሩ እርግጠኛ ነበርኩ። አንዷን ጨመርኩ፣ ሁለቷን መዳፌ ውስጥ ያዝኩና «ቆይ ቆይ፣ በደንብ አልተደባለቀም፣ እኔ ላማስለው» ብዬ ተነሳሁ።

እጄን ወደ ኮፍያው ስሰድ ማቴዎስ ከተቀመጠበት «እጅህን አሳየኝ!» አይለኝ መሰለህ! በግርማ ድምፅ እኮ ነው፣ በዚያችው በጎርናናዋ ድምፅ! ማቴዎስ ደረጃውን ሲወጣ ሲወርድ ስንት ዓመት ሰምቶታል። ልጄ፣ እጄ ራሱ ተከፈተ። ሁለቱ ወረቀቶች መሬት ወደቁ።

ሜሮን አንስታ አነበበች፤ «የግርማ ዋንጫ... የግርማ ዋንጫ።» መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ከዚያ ኮፍያውን ገልብጣ ሁሉንም ፈታታች፣ እና «የግርማ ዋንጫ» የሚል ሁለት ወረቀት ወጣ። አንዱ የኔ ነው። ሌላው የማን ቢሆን ጥሩ ነው? የማቴዎስ! «ሜሮንን ስለዚሁ ነበር የምለምናት» አለኝ፤ «አንተ ፊት ስሙን ያላነሳሁት ሆድ እንዳይብስህ ብዬ ነው።» አፈርኩ፤ ዛሬም አፍራለሁ።

ሜሮን ግን ሳቋ አመለጣትና «አገኘነው! ስሙ ይሄ ነው!» ብላ ጮኸች። የቱ? «እጅህን አሳየኝ» ነዋ! አሁን ሃይሌ ጋርመንት ታክሲ ተራው ጋ ተለጥፏል፣ አላየህም? ሰዉ «ደግሞ ይሄ ምን ዓይነት ውድድር ነው?» እያለ ይመጣል። የግርማ ስም የለበትም፣ እኔ ግን ባነበብኩት ቁጥር እሱ ሲናገር ይሰማኛል፣ ይናፍቀኛል፣ እና ሳላስበው እጄን ከኪሴ አወጣለሁ።

— አባባ፣ ፈረሴ የት ሄደ?

የቱ ፈረስ?

— አሁን እዚህ የነበረው! እስቲ እጅዎን ያሳዩኝ።

ካ ካ ካ! እንካ፣ እንካ ፈረስህን!