አዲሱ ጓጉንቸር

ይኼን ስሙኝማ፣ አሁንም ሳስበው ይዘገንነኛል። ቡራዩ የቤት አልባዎች መጠለያ ውስጥ ምሽት ምሽት የሚመጡትን ሰዎች ጉዳይ የምከታተል ኬዝ ማናጀር ሆኜ እሠራለሁ። አንድ ምሽት ኦቦ ዲንሳ የሚባሉ አዲስ የመጡ ሽማግሌ ፊቴ ተቀመጡና ቅጽ መሙላት ጀመርኩ። «የት ነበር የሚኖሩት፣ አባቴ?» «እዚሁ፣ ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ፣ ልጄ ግቢ።» እኔም የተከራየሁት እዚያው ሰፈር ነው፤ ግቢ መቼም ሞልቷል ብዬ መጻፌን ቀጠልኩ። «ሰርቪሷ ውስጥ ነበር የምተኛው። በሯን በእግርህ ካልደገፍካት አትቆለፍም» ሲሉኝ ግን መጻፌን አቆምኩ። የዚያን ዕለት ከቤት ስወጣ በሬን በእግሬ ደግፌ ነው የቆለፍኩት! አከራዬ ክፍሉን ሲያሳየኝ «አባቴ ነበር የሚኖርባት፤ መናገሻ እህቴ ጋ ጠቅልሎ ገብቷል» ብሎኝ ነበር።

«ታዲያ እንዴት ወጡ?» አልኳቸው እንደምንም። «ልጄ እህቱን ጠይቄ እንድመጣ ብሎ መናገሻ ላከኝ። በሳምንቴ ስመለስ በሩ ላይ አዲስ ጓጉንቸር ተንጠልጥሏል፤ ለካ አከራይቷት ነው።» ጓጉንቸሩን የገዛሁት እኔ ነኝ። «ተከራዩን ያውቁታል?» አልኩ፣ ቀና ብዬ ሳላያቸው። «ከየት አውቄው! ምስኪን፣ ክረምቱ ሊገባበት ነው። ጣራው በራስጌ በኩል እንደሚያፈስ እንኳ የነገረው ያለ አይመስለኝም።»

ቁልፉን ከኪሴ አውጥቼ ቅጹ ላይ አስቀመጥኩት። «አሁን ነገሩት፣ አባቴ» አልኳቸው።