እስከ ምሰሶው ደርሶ መመለስ

እሺ፣ ጸጥታ! ብርጭቆ ያልያዛችሁ ቶሎ ፈልጉ። ጋሼ፣ እርስዎ ደግሞ ካርቶን መደርደሩን ይተዉና ይቀመጡ። ዛሬ የስንብትዎ ቀን ነው፤ እንግዳ ነዎት።

እኔ ገንዘብ ተቀባይዋ እዚህ የሩጫ ጫማ ቤት በመቀጠር በአንድ ወር ቀድሜዎታለሁ። ስለዚህ የመጀመሪያ ቀንዎን በዓይኔ አይቻለሁ፤ መካድ የለም! ደንበኛው ገንዘቡን በእጁ ይዞ ገባ። ጋሼ አሮጌ ጫማውን አስወልቀው፣ ሶሉን ገልብጠው አዩና «ይሄ ገና ሦስት ወር ያስሮጥዎታል፤ ሲያልቅ ይምጡ» ብለው ሸኙት። የሱቁ ባለቤት እትዬ «ሻጭ ነው የቀጠርኩት ወይስ ዘበኛ?» አሉኝ። ሰውዬው በሦስተኛው ወር ሚስቱን፣ ወንድሙንና የወንድሙን ጎረቤት አስከትሎ መጣ። እትዬም ዘበኛ የምትለውን ቃል ደግመው አላነሷትም።

«ጋሽ ምሰሶ» ያልንዎት በከንቱ አይደለም። ጫማ የለካ ሁሉ ውጭ ካለው የመብራት ምሰሶ ደርሶ ካልተመለሰ አይሸጡለትም። ከረባት ያሰረ ሮጧል። ሙሽራ ሮጣለች። የግብር ሰውዬው እንኳ ሮጧል! «እኔ እኮ ለቁጥጥር ነው የመጣሁት» ሲል «ይቆጣጠራሉ፤ መጀመሪያ ግን ቀኝ እግርዎን ለምን ይጎትታሉ?» አሉት።

ከዚያ ኦንላይን መጣ። ሰዉ አምስት ጫማ ይለካል፣ ምሰሶው ድረስ ይሮጣል፣ የወደደውን ፎቶ አንስቶ «ላስብበት» ይልና ውልቅ! በስልኩ ያዛል። እኔ ደሜ ፈላ። «መለካት በነጻ አይደለም» ብዬ በሩ ላይ ለጠፍኩ። ጋሼ ቀስ ብለው ላጡትና «ልጄ፣ እግሩ ምን አጠፋ?» አሉኝ።

ዛሬ ኃጢአቴን ልናዘዝ። በዚያው ሰሞን እኔ ራሴ ተደብቄ ኦንላይን ጫማ ገዛሁ። አትሳቁ፣ ቅናሽ ነበር! አድርጌው ስገባ ጋሼ መጋዘን ውስጥ ሆነው፣ ሳያዩኝ፣ ኮቴዬን ብቻ ሰምተው «ማነው ግራ ጫማው የሰፋው?» አሉ። መሬት ተከፍታ በዋጠችኝ! ይቆጡኛል ስል በርከክ ብለው ማሰሪያዬን ፈቱና እንደ አዲስ አሰሩልኝ። «በይ፣ እስከ ምሰሶው» አሉኝ። ስመለስ ዓይኔ እንባ ሞልቶት ነበር። ነፋሱ ነው ብያለሁ፤ ነፋስ አልነበረም።

እትዬ ሱቁን ልዝጋ ያሉትም ያን ዓመት ነው። ያልተዘጋው ለምን እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን። ኦንላይን የገዙት ካርቶናቸውን ታቅፈው፣ እያነከሱ መጡ። ጋሼ አንዱንም «ለምን ከኛ አልገዛህም?» አላሉም። በርከክ ብለው የሚስተካከለውን አስተካከሉ። ሁለተኛውን ጫማቸውን ግን ከኛ ገዙ። ጋሼ፣ እኛ አምስታችን ዛሬ ሥራ ያለን በእርስዎ ጉልበት ነው። እናመሰግናለን። ከሰኞ ጀምሮ ያቺን የእግር መለኪያ የምይዘው እኔ ነኝ፤ እውነቱን ልንገርዎት፣ ፈርቻለሁ።

ለስጦታ የሩጫ ጫማ ልንገዛልዎት ተስማማን። «ቁጥራቸው ስንት ነው?» ሲባል ግን ተያየን። አሥራ ዘጠኝ ዓመት የስንቱን እግር ሲለኩ የእርስዎን የለካ የለም! እቤት ደውለን ባለቤትዎን ብንጠይቅ «እኔን ይለካኛል እንጂ መቼ አስለክቶኝ ያውቃል» አሉን። መጋዘነኛው «በግምት ኦንላይን ልዘዝ?» አለ፤ ለጥቂት ነው የተረፈው።

ስለዚህ ጋሼ፣ ጫማዎን ያውልቁ። አዎ፣ አሁን! ዛሬ በርከክ የምለው እኔ ነኝ። ሦስት ካርቶን አዘጋጅተናል፤ የተስማማዎትን ያደርጋሉ፤ ከዚያ ደንቡን ያውቁታል።

ብርጭቆ አንሱ! ለጋሼ ጤና! ለጉልበታቸው ዕረፍት፣ ለእግራቸው ረጅም መንገድ! ከዛሬ ጀምሮ ምሰሶውን አልፈው የፈለጉበት ድረስ እንዲሮጡ ተፈቅዶልዎታል። ግን ጋሼ፣ ደንቡን ያወጡት እርስዎ ነዎት፤ የሮጠ ይመለሳል። ሰኞ ጠዋት በሩ ላይ ቆሜ እጠብቅዎታለሁ።