ፀጉር አስተካካዩን በመጽሐፋቸው የበደሉት እኅታችን

ክቡራን ለቀስተኞች፣ ታላቅ እኅቴን ለመሸኘት ሥራችሁን ጥላችሁ፣ በዚህ ፀሐይ ቆማችሁ ስለምታዳምጡኝ አመሰግናለሁ። ይህን ጽሑፍ እርሳቸው ቢያዩት ኖሮ ቀይ በቀይ አድርገው ይመልሱልኝ ነበር፤ ዛሬ ግን ስሕተቱ እንዳለ ይታለፍልኝ።

እኅቴ በማተሚያ ቤት ፊደል ለቃሚ ከነበሩት አባታችንና ከልብስ ሰፊዋ እናታችን፣ ከፀጉር አስተካካዩ ሱቅ ጋር ግድግዳ በምትጋራ ጠባብ ቤት ተወለዱ። ነፍስ ባወቁበት ዘመን ጦርነት ሆነ፤ አባታችንም በወራሪው ላይ የሚያሳምፅ ጽሑፍ በድብቅ ማተማቸው ስለተሰማባቸው ከቤታችን ኮርኒስ በላይ ተሸሸጉ። አንድ ቀን እኅቴ ትምህርት ቤት ሳሉ ወታደሮች መጥተው አባታችንን ከተሸሸጉበት አውርደው ወሰዷቸው፤ በዚያው ቀሩ። የጠቆመው ሰው ግን ሳይታወቅ ዓመታት አለፉ።

እኅቴም ያ ጥያቄ በልባቸው እየተብሰለሰለ ትምህርታቸውን ጨርሰው አባታችን ይሠሩበት በነበረው ማተሚያ ቤት በአራሚነት ተቀጠሩ። የሠርግ መጥሪያ ሲደርሳቸው እንኳ ስሕተቱን ነቅሰው ለሙሽሮቹ ስለሚመልሱ ጠሪያቸው እየሳሳ መጣ። ቢሆንም ትዳር አላመለጣቸውም፤ ከአንድ የማተሚያ መኪና ባለሙያ ጋር ተጋብተው ሁለት ሴት ልጆች አፈሩ።

ልጆቹ ከፍ ሲሉ፣ አባቷን ማን አሳልፎ እንደሰጠ የምታፈላልግ ሴት ታሪክ በልብ ወለድ ጻፉ። እንዲህ ያለ መጽሐፍ በመጨረሻው ጥፋተኛ ይፈልጋልና ጠቋሚውን ፀጉር አስተካካይ አደረጉት፤ ሕይወት እንዲዘራም የጎረቤታችንን የፀጉር አስተካካዩን ፉጨት፣ ማነከስና ምላጭ እየሳሉ መንገዱን የማየት ልማድ ሰጡት። ለጽሑፉ ስላማረላቸው እንጂ በክፋት አላደረጉትም። መጽሐፉ ከእጅ እጅ ሲዞር ግን በሰፈሩ አንገቱን ለዚያ ምላጭ የሚሰጥ ሰው ጠፋ።

እናታችን ፊደል ያልቆጠሩ ስለነበሩ እኅቴ መጽሐፉን ያነበቡላቸው ሲሆን፣ የመጨረሻው ምዕራፍ ላይ ሲደርሱ እናታችን አልቅሰው እውነቱን አወጡት። ወታደሮቹ ጨቅላ ልጃቸውን ከዕቅፋቸው ነጥቀው አፈሙዝ ሲደግኑበት፣ እናታችን ቃል ሳይተነፍሱ ዓይናቸውን ወደ ኮርኒሱ አንስተው ነበር። ያ ጨቅላ እኔ ነኝ።

እኅቴ የእናት ነገር ሆኖባቸው ሆድ ይፍጀው አሉ፤ መጽሐፉም ያው እንደነበረ ደግሞ ታተመ። «የእምዬን እከክ ወደ አብዬ ልክክ» ይሉት ተረት በእኛ ቤት ተረትነቱ ቀረ። ፀጉር አስተካካዩ ባርኔጣቸውን በእጃቸው ይዘው ደጃችን ድረስ መጥተው፣ በመጽሐፉ ያለው ሰው እርሳቸው እንደሆኑ ሲጠይቋቸው፣ እኅቴ ነገሩ ልብ ወለድ ብቻ መሆኑን በትሕትና አስረድተው ሸኟቸው። ጎረቤታችንም ሱቃቸውን ዘግተው፣ ማንም በማያውቃቸው ሰፈር ኖረው ሞቱ። እኅቴ ከቀብራቸው ለመገኘት ለብሰው ከተዘጋጁ በኋላ ልብሳቸውን መልሰው አውልቀው ቀሩ።

የኩላሊት ሕመም በጸናባቸው ጊዜ እኅቴ ይህን ሁሉ ነገሩኝና በራሳቸው ቀብር ላይ እንዳነበው አዘዙኝ። እናቴን በአደባባይ ማንሳት ከብዶኝ ብሟገትም አልሰሙኝም። በአባቴ ሞትና በጎረቤቴ ስም መጥፋት ዕድሜ ማግኘቴን ካወቅሁ ወዲህ፣ እውነቱን ለመናገር፣ መስታወት ፊት መቆም ያሳፍረኛል።

እኅቴ ከባለቤታቸው ሞት በኋላ በልጆቻቸው ሲጦሩ ቆይተው በትናንትናው ዕለት ዐርፈዋል። ሁለት ሴት ልጆችን፣ የልጅ ልጆችንና እኔን ወንድማቸውን ትተዋል።

በእኅቴ ጥሪ መጥተው እዚህ ከሣጥኑ ራስጌ የቆሙት እመቤት የፀጉር አስተካካዩ ልጅ ናቸው። እመቤቴ ሆይ፣ አባትዎ ንጹሕ ነበሩ፤ እኅቴም ይህን እያወቁ ዝም ብለዋል። ፈጣሪ የአባትዎን ነፍስ በሰላም ያሳርፍልን። ለእኅቴ ነፍስ የምንጸልየው ግን እርስዎ ሲፈቅዱልን ነው፤ እስከዚያው ቆመን እንጠብቃለን።