ምንም የማይጎድላቸው ሰባት ከተሞች

ነፋሱ ያን ወረቀት ባያነሣው ኖሮ ሊድያና ሐጂ ኑርሑሴን ባልተገናኙ ነበር። ሊድያ ባሕር ዳር ጀልባ ማቆሚያው አጠገብ፣ ዋርካ ሥር ተቀምጣ ሦስት ዓመት የለፋችበትን የልብ ወለዷን ካርታ ቀለም ትቀባለች። ልብ ወለዱ በምድር ላይ የሌለ አገር ታሪክ ነው፤ ዘንዶም ንግሥትም ጦርነትም አለበት። ማተሚያ ቤቱ ካርታውን እስከ ስድስት ሰዓት ካላገኘ ተራዋን ለሌላ ይሰጣል። ስለዚህ ሰዓቷን ታያለች፣ ትቀባለች፣ ደግሞ ታያለች። በዚህ መሐል ነፋሱ ወረቀቱን ነጥቆ ወደ ዘጌ ሊሻገር የተደረደረ የዳጉሳ ጆንያ ላይ ጣለው።

የእህሉ ባለቤት ሐጂ ኑርሑሴን ዕድሜ ልካቸውን ሐይቁን ሲሻገሩ የኖሩ ነጋዴ ናቸው። ማዕበሉ እስኪበርድ ሥራ ፈትተው ነበርና መነጽራቸውን አድርገው ካርታውን ያዩት ጀመር።

«ይህ አገር የት ነው ልጄ?»

«የትም የለም አባባ፤ እኔ የፈጠርሁት ነው።»

«መልካም። እነዚህ ሰባት ከተሞች ምን ይሸጣሉ?»

«ሁሉም ሁሉ አላቸው፤ ወርቁም እህሉም ጨውም። ምንም አይጎድላቸውም» አለች፣ ወረቀቱን ለመቀበል እጇን እየዘረጋች።

ሐጂ አልሰጧትም። «ታዲያ ይህን ሁሉ መንገድ ለማን ሠራሽው? ምን የጎደለው ሰው ነው የሚሄድበት?»

«ተረት እኮ ነው አባባ። ዘንዶ በሚበርበት አገር ጨው ከየት መጣ ብሎ የሚጠይቅ የለም።»

«እኔ ጠየቅሁ አይደል?»

የተማረ ሰው ክፉ አመሉ ይህ ነው፤ ሳይጠይቅ የመከሩት ሁሉ ጊዜውን የሰረቁበት ይመስለዋል። ሊድያም በሆዷ «ዛሬ ደግሞ ምን ጣለብኝ» አለች።

«ዘንዶውን አምኜሻለሁ» አሉ ሐጂ፤ «አላህ የፈጠረውን ሁሉ አላየሁምና። ጨው የማይፈልግ ሰው ግን አላየሁም። ዘጌ በበሬ እንደማይታረስ ታውቂያለሽ? ከጥንት የተገዘተ ነው። ቡናና ጌሾ አላቸው፣ እህል የላቸውም። እኔ እህል አለኝ፣ ጌሾ የለኝም። ግዝቱ ባይኖር አንተዋወቅም ነበር። እናቴ የሞተች ጊዜ ድንኳን የተከሉልኝ እነሱ ናቸው።»

ሊድያ ግዝቱን ሳታውቅ ቀርታ አይደለም፤ የሐይቅ ዳር ልጅ ናትና ጀልባ ጭኖ ሲሄድ ማየት ለምዶባት፣ ለምን እንደሚሄድ ጠይቃ አታውቅም።

«ጦርነቱ በምን ተነሣ?» አሉ ሐጂ።

«በጥንት ቂም።»

«ቂም ሠራዊት አይቀልብም። ይህችን የደሴት ከተማ ጨው ከልክያት። ተራራውን እህል ንሺው። በመካከላቸው ጭነት በአህያ ስንት ቀን ይሄዳል? መሻገሪያው በማን እጅ ነው? ይህን ካወቅሽ ጠቡ ራሱ ይመጣል።»

ይህን ስትሰማ ሊድያ ደነገጠች። ያነበቡላት ወዳጆቿ ጦርነቱ አልጣመንም ባሏት ቁጥር ቃል ስትለውጥ ነው የኖረችው። በሳቸውም በራሷም ተናደደች። «አሁን ብለውጠው ግማሹን መጽሐፍ እንደገና ልጽፍ ነው። ተራዬም ያልፋል።»

«ያልፋል» አሉ ሐጂ ረጋ ብለው። «እኔም የዛሬው ገበያ ሊያልፈኝ ነው። ጭኜ ማዕበል ከምገባ ይለፈኝ።»

ሊድያ ተነሣች፣ ተቀመጠች፣ ደግሞ ተነሣች። በመጨረሻ ማተሚያ ቤት ለሚሠራው፣ ክንዱ ለሚባለው ሰው ደወለች።

«ካርታው አልደረሰም። ተራዬን ለሌላ ስጠው።»

«እንግዲያስ እስከ ፋሲካ ማግስት ተራ የለሽም። ምን ጎደለው?»

«ምንም አልጎደለውም። ችግሩ እሱ ነው።»

ከዚያ ላጲሷን አውጥታ ጨውን ከደሴቲቱ፣ እህልን ከተራራው ፋቀች፤ ለደሴቲቱ ጨው የሚመጣላት ከተራራው ብቻ ሆነ። ባዶ የነበረው መንገድ ወዲያው ተጓዥ አገኘ፤ በመሻገሪያው ቀራጭ ቆመ፤ የደሴቲቱ ንግሥትም ለመጀመሪያ ጊዜ የምትፈራው ነገር ኖራት። አገር የሚፈጥር ሰው አስቀድሞ ማን ምን እንዳጣ ቢጽፍ፣ ፍቅሩንም ጠቡንም ከዚያው ያገኘዋል።

«መጨረሻው እንዴት ነው?» አሉ ሐጂ።

«ንግሥቲቱ ድል ታደርጋለች፤ የተራራውን ሰዎች አንድ ሳታስቀር ታጠፋቸዋለች።»

«በማግስቱ ጨው ማን ያመጣላታል?»

ሊድያ የመጨረሻውን ምዕራፍ ከቦርሳዋ አውጥታ ከዳር እስከ ዳር ሰረዘችው።